ከደምበጫ ደጋ ስለ ጥቁር ቸኮሌት

የዓባይን በረሃ ተሻግረን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን ደምበጫ ገባን። ሻይ እስኪፈላ ከስንቃችን ውስጥ «ቦርንቪል» የሚባለውን ጥቁር ቸኮሌት አውጥተን ለልጆቹ አካፈልን። «ይሄማ ይመራል!» አሉ። ቀጥሎም «እዚህ ይበቅላል?» ሲሉ ጠየቁን።

አይበቅልም። 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የደምበጫ ምድር ለጤፍና ለበቆሎ ይመቻል፤ የቸኮሌት መሠረት የሆነው ካካዎ ግን ለምድር ወገብ የቀረበ፣ ሞቃትና ዝናባማ ቆላ ይሻል። ከዓለም ካካዎ አብዛኛው የሚመጣው ከምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይም ከኮትዲቯርና ከጋና ነው።

ቦርንቪል ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ስሙን ያገኘው በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም አጠገብ የካድበሪ ፋብሪካ ካለበት መንደር ነው። የካድበሪ ቤተሰብ ኩዌከር የተባለው የክርስትና ወገን ተከታይ ስለነበር በመንደሩ መጠጥ ቤት እንዲከፈት አልፈቀደም። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ያው ኩባንያ ካካዎ ይገዛበት በነበረው በሳኦ ቶሜ ደሴት ሰዎች እንደ ባሪያ በግዳጅ ይሠሩ ነበር። ወሬው በ1901 ቢደርሰውም መግዛቱን ያቆመው በ1909 ነው። ዛሬም በምዕራብ አፍሪካ የካካዎ እርሻዎች ከባድ ሥራ የሚሠሩ ሕፃናት አሉ።

ውድ ወላጆች! ቸኮሌት ስንገዛ አልኮል እንዳይኖርበት በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን እናነባለን። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ሊከፈለው እንደሚገባ የተማርን ሰዎች «ይህን የለቀመው ማነው? ድካሙስ ተከፍሎታል?» ብለን መጠየቅንም ለልጆቻችን እናስተምር።