ጎሚኒውና የእናቴ ሐጅ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት አሮጌ ፒካፕ መኪና ነው። ነገሩ የጋራዥ ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። ሆኖም የሰው ሐቅ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ለ11 ዓመታት በአንዲት ባለ አንድ ጋቢና ፒካፕ ሽንኩርትና ማሽላ እየጫንኩ ቤተሰቤን አስተዳድሬያለሁ። በተለይ ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ሱብሒን ሰግጄ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ማታ ደግሞ እመለሳለሁ። በ2009 ዓ.ም. እናቴን ሐጅ ላስደርጋት ነየትኩ። ከመኪናዋ በቀር የሚሸጥ ሀብት አልነበረኝም። ከሽያጩ በኋላ በወንድሜ ሱቅ ልሠራ ተስማማንና ገዢ መፈለግ ጀመርኩ።

ችግሩ መኪናዋ ከኋላ ትጮኽ ነበር። ኮረኮንች ስትረግጥ ቂው ቂው፣ ጉድጓድ ስትገባ ደግሞ ጓ ትላለች። አንድ የማውቀው ባለሙያ ከሥር ገብቶ አየና "የባሌስትራው ጎሚኒ አልቋል። ለመሸጥ ከሆነ ግን ምን አደከመህ? ግራሶ ጠቅጥቅበት፤ ለጥቂት ሳምንት ዝም ይላል" አለኝ። እኔም አላህ ይማረኝና እንዳለው አደረግሁ። በማግስቱ ከባቲ አንድ ወጣት መጥቶ መኪናዋን ነድቶ አየ። ድምፅ አልሰማም። ደስ ብሎት ቀብድ ሰጠኝና ሄደ።

የዚያን ዕለት ማታ ከመግሪብ በኋላ ወደ ቤት ስገባ እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ደነገጠች። "መቼ መጣህ? እኔ እኮ በመኪናህ ድምፅ ነው መምጣትህን የማውቀው። ተሠራች እንዴ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። "አዎ" ብል ውሸት ነው፤ "አይደለም" ብል ያደረግሁት ይወጣል። የ16 ዓመቱ ልጄ ግራሶውን ስጠቀጥቅ ባትሪ ያበራልኝ ስለነበር አንገቱን ደፋ። የልጄ አንገት መድፋት ከእናቴ ጥያቄ ይበልጥ አመመኝ።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በልጅነቴ ከሸኾች የሰማሁት ትዝ አለኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ባለማድረጉ ገሠጹት፤ ማታለልንም አጥብቀው አወገዙ። የእኔስ ግራሶ ከዚያ በምን ይለያል? የዕቃን ዐይብ እያወቁ ደብቆ መሸጥ ሐራም መሆኑን፣ ገዢውም በኋላ ቢያውቅ ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው የፊቅህ ኪታቦች በግልጽ ያስተምራሉ። እኔ ደግሞ በዚያ ገንዘብ እናቴን ወደ አላህ ቤት ልልክ ነበር!

ጎሚኒ ትንሽ ነገር ናት፤ ሥራዋ ግን ትልቅ ነው። ባሌስትራው ጭነት ሲያርፍበት ይዘረጋል፤ ሲዘረጋም ስለሚረዝም የኋላ ጫፉ በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ከሻንሲው ጋር ይያያዛል። በየመጋጠሚያው ብረት ከብረት እንዳይፋጭ፣ ንዝረቱም ወደ ሻንሲው እንዳያልፍ የምታደርገው ጎሚኒዋ ናት። ስታልቅ ጩኸቱ ብቻ አይደለም መዘዙ። የኋላውን አክስል በቦታው የሚይዘው ባሌስትራው ስለሆነ፣ መጋጠሚያው ሲላላ አክስሉ ከመስመሩ ይወጣል፤ መኪናዋ በቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ ኋላዋ ይንሸራተታል፤ ጎማም ያላግባብ ይበላል። ግራሶው ይህን ሁሉ አያድንም። እንዲያውም ግራሶና ዘይት ጎማን ስለሚያሳብጡና ስለሚያላሉ የቀረችውን ጎሚኒ ጨርሶ ያጠፋታል። ድምፁ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እኔ ግን ማስጠንቀቂያውን አፍኜ አደጋውን ለሌላ ሰው ልሸጥ ነበር።

በማግስቱ 12 አዳዲስ ጎሚኒዎች ገዛሁ፤ በእኔ መኪና ለአንዱ የኋላ ባሌስትራ ከፊት 2፣ በማንጠልጠያው 4 ይገባሉና። ለጋራዥ የሚከፈል ስላልነበረኝ ከልጄ ጋር በግቢያችን ልንሠራው ወሰንን። የዛጉትን ቡሎኖች ማታ ናፍጣ አጠጣናቸው። ጠዋት ሱብሒን በጀማዓ ሰግደን ቢስሚላህ ብለን ጀመርን። በፊት ጎማዎች ሥር ድንጋይ ወሸቅን፤ በክሪክ አነሣንና ሻንሲውን በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ አሳረፍነው። ልጄን "ክሪክ ያነሣል እንጂ አይደግፍም፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር እንዳትገባ" አልኩት። አክስሉን በሌላ ክሪክ ይዘን፣ ባሌስትራው ውጥረቱ እስኪለቀው ጠብቀን ዳዶዎቹን ፈታን። አንዱ ቡሎን እስከ ዙህር አስቸገረንና በመጨረሻ በሰጌቶ ቆረጥነው።

አሮጌዎቹ ጎሚኒዎች በግራሶ ርሰው በጣት ሲነኳቸው ይቆራረሱ ነበር። ቀዳዳዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳንና አዲሶቹን በሳሙና ውኃ እያረጠብን አስገባናቸው። ልጄ ቡሎኑን አጥብቆ ሊያስር ሲል ከለከልኩት። መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ የታሰረ እንደሆነ፣ መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ለቀቅ አድርጎ ማሰር፣ በጎማው አውርዶ ክብደቱን ካሸከሙት በኋላ ማጥበቅ ነው ደንቡ። ልጄም ፈገግ ብሎ "አባዬ፣ እንደ ሰው ነው ማለት ነው። ጥብቅ መሆኑ የሚታወቀው ሸክሙ ሲያርፍበት ነው" አለኝ። ምን እያለኝ እንደሆነ ገባኝ።

ታዲያ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። የሁለተኛውን ወገን ስንፈታ ከተደራረቡት የባሌስትራ ብረቶች ሦስተኛው በቀጭኑ ተሰንጥቆ አገኘነው። ባንፈታው ኖሮ አናየውም ነበር። ለእሱ የሚሆን ገንዘብ አልቀረኝም። ልጄ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። አሁን ዝም ብል ጎሚኒ መቀየሬ ምን ዋጋ አለው?

ለወጣቱ ስልክ ደውዬ አስጠራሁት። የግራሶውን ነገር ሳልደብቅ ነገርኩት፤ አዲሶቹን ጎሚኒዎችና ስንጥቁን አሳየሁት፤ ቀብዱንም ከኪሴ አውጥቼ "ከፈለግህ ይኸው፣ ሐቅህ ነው" አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ተቆጥቶ እንደነበር ፊቱ ያስታውቃል። በኋላ "ቀብዱ አንተ ጋ ይቆይ" ብሎ ሄደና በሁለተኛው ቀን የራሱን መካኒክ ይዞ መጣ። ከሥር አስፈትሾ፣ ለባሌስትራው ማሠሪያ ከሚያስፈልገው በላይ ዋጋ ቀንሶ ገዛኝ። አልተከራከርኩትም። እምነቱን ያጎደልኩት እኔ ነኝና።

በዚህም የሐጁ ገንዘብ ጎደለ። የዚያ ዓመት ምዝገባ አለፈን። ለእናቴ ሁሉንም ነገር ከነጥፋቴ ስነግራት አለቀስኩ። እሷ ግን "አብሽር ልጄ! ሐጅ ለቻለ ሰው ነው። ባንችል አላህ አይጠይቀንም። የሰው ልጅ በዚያ ገደል ቢሞትብን ግን ምን ብለን እንመልሳለን?" አለችኝ። አልሐምዱሊላህ፣ በ2010 ዓ.ም. ወንድሞቼ አዋጥተው ሄደች።

ወጣቱ ዛሬም በመኪናዋ ባቲ ይመላለሳል። በደጃችን ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋል፤ እናቴም ዱዓ ታደርግለታለች።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! መኪናም ይሁን ላም፣ ቤትም ይሁን እህል፣ የምትሸጡትን ዐይቡን ተናግራችሁ ሽጡ። ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ባትሪ ይዘው እንደቆሙም አትርሱ። አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ አሚን።