የዝናቡ ዋጋ

ሎሎጎ ከጁባ መሀል ከተማ በስተደቡብ፣ ነጭ ዓባይን ይዞ ወደ ረጃፍ በሚወስደው አቅጣጫ ያለ ሰፈር ነው። የቆርቆሮ ቤትና የሣር ጎጆ ጎን ለጎን ቆመውበታል፤ የውሃ ቦቴዎች አቧራውን እያስነሡ ይመላለሱበታል፤ እሑድ ጠዋት ከየአጥሩ መዝሙር ይሰማበታል። የአገሬ ልጆች በጁባ ያልገቡበት ሥራ የለም። ሆቴሉም፣ ምግብ ቤቱም፣ ጋራዡም አማርኛ ይሰማበታል። እዚህ ሎሎጎ የማውቀው አንድ ወጣት ቀን ቀን የግንባታ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሒሳብ ይይዛል፤ ማታ ማታ ይጽፋል። የያዘው ሥራ አዲስ አይደለም። ከአገር ከመውጣቱ በፊት፣ ገና ተማሪ ሳለ የጨረሰውን ባለ ሦስት ቅጽ ምናባዊ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ እንደገና እየጻፈው ነው።

እንደገና መጻፍን ብዙ ሰው ዝቅ አድርጎ ያየዋል። ወደ ተጨረሰ መጽሐፍ መመለስ ሐሳብ ማለቅ፣ ባለፈው ላይ መቆዘም ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በተለይ የእምነትና የነፍስ ነገር ያለበት ምናባዊ ታሪክ ብዙ ጊዜ ነፍሱን የሚያገኘው ሁለተኛ ሲጻፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን እምነቴን ያጸናልኝ የዚህ ልጅ ደብተር ነው።

የመጀመሪያውን ቅጽ አንብቤዋለሁ። ባሕታዊ አለበት፤ ከሰው ዓይን የተሰወረ ገዳም አለበት፤ የሙታንን ድምፅ የሚሰማ ልጅ አለበት። በአንዱ ምዕራፍ ድርቅ ያጠቃው ሕዝብ ባሕታዊው እግር ላይ ይወድቃል። ባሕታዊው መቋሚያውን አንሥቶ ዐለቱን ይመታል። ደመና ይሰበሰባል፣ ዝናብ ይወርዳል፣ ሕዝቡ እልል ይላል፣ ምዕራፉ ያልቃል። አማርኛው ያምራል፤ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ልብ ይፈስሳል። ልጁ እንደገና ሲጽፍ ግን እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ምን እንደያዘው ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ዝናቡ እኮ በነጻ መጣ» አለኝ። «ማንም ምንም አልከፈለበትም።»

ይህን ጥያቄ የሰጠው የሚኖርበት ምድር ነው። ጁባና አካባቢዋ የባሪ ሕዝብ አገር ነው። በባሪና በጎረቤቶቹ ዘንድ ዝናብ ተጠያቂ ነበረው። የዝናብ አለቃ የሚባል ሰው ነበር፤ ዝናቡ በጊዜው ሲጥል ክብሩ የእሱ ነው። ሲጠፋ ሕዝቡ መጀመሪያ ይለምነዋል፣ ስጦታ ያመጣለታል፣ ቀጥሎ ይቆጣዋል። ድርቁ ከጸና ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሲሞን ሲሞንሰ የተባለ ሆላንዳዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ፣ በዚህ አካባቢ በድርቅ ምክንያት በገዛ ሕዝባቸው የተገደሉ የዝናብ ነገሥታትን ታሪክ መርምሯል። ወጣቱ ግን ይህን የሰማው ከመጽሐፍ አይደለም። አብሮት መጋዘን ከሚጠብቅ አንድ የባሪ ሽማግሌ ጋር ሻይ ሲጠጣ ነው የሰማው። የእሱ ባሕታዊ በአንድ ምት ያወረደውን ዝናብ የእነዚህ ሰዎች አለቃ በአንገቱ ዋስ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ምዕራፍ ቀለለበት።

መቅለሉም ልክ ነው። ተአምር ብቻውን ታሪክን መንፈሳዊ አያደርገውም። የእኛ አንባቢ የተሰወረ ነገር ይወዳል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»፣ «ራማቶሓራ»ና «ዣንቶዣራ»፣ የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»፣ «ዝጎራ»ና «መርበብት» ከእጅ ወደ እጅ የዞሩት ገዳሙን፣ ዋሻውንና ምሥጢሩን ስለምንናፍቅ ጭምር ነው። ናፍቆቱን አከብረዋለሁ፤ እኔም አለብኝ። ገና የሚጀምር ደራሲ ግን በዚህ ናፍቆት ላይ ብቻ ከተደገፈ፣ አንባቢው እስኪደነቅ ይጽፋል እንጂ አንባቢው ራሱን እስኪመረምር አይጽፍም።

ይህን አጥርቶ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከእንግሊዝ አገር አለ። ጄ. አር. አር. ቶልኪን «ሆቢት»ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በአምስተኛው ምዕራፍ ቢልቦ የሚባለው ትንሽ ሰው ከተራራ ሥር፣ ጨለማ ውስጥ ቀለበት ያገኛል። ከዚያም ጎለም ከሚባል የጨለማ ፍጡር ጋር በእንቆቅልሽ ይወራረዳል። በመጀመሪያው እትም ጎለም ከተረታ ያንን ቀለበት ሊሸልም ቃል ገብቷል፤ ሲረታ ቀለበቱን ፈልጎ ያጣዋል፣ ይቅርታ ይለምናል፣ መውጫውን አሳይቶ ይሰናበታል። ለልጆች የተጻፈ ነውና ማንም አልተጎዳም። ቶልኪን ተከታዩን ታላቅ ሥራ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ሲጽፍ ግን ያው ቀለበት የያዘውን ሰው ነፍስ የሚያስገዛ ክፉ ኃይል ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር በፈቃዱ የሚሸልም አይኖርም። ስለዚህ ምዕራፉን እንደገና ጻፈው፤ የታረመው እትም በ1951 ወጣ።

በታረመው ምዕራፍ ጎለም ቀለበቱ እንደተወሰደበት ሲገባው ይጮኻል፣ ሊገድልም ይነሣል። ቢልቦ ቀለበቱን አጥልቆ ተሰውሯል፤ ሰይፍም ይዟል። ጎለም መውጫውን ዘግቶ ተቀምጧል፣ አያየውም። አንድ ጊዜ ቢሰነዝር ነጻ ይወጣል። እዚያ ላይ የዚያ ፍጡር ኑሮ ይታየዋል፤ ብርሃንም ተስፋም የሌለበት፣ ማለቂያ የሌለው ብቸኝነት። ያዝንለታል። ሳይነካው በላዩ ዘሎ ያልፋል፤ ከኋላው ጥላቻና እርግማን ይከተለዋል።

ይህ ርኅራኄ በ1937ቱ መጽሐፍ ውስጥ የለም። የተወለደው በእርማት ነው። በተከታዩ ታሪክ መጨረሻ ቀለበቱ እሳት ውስጥ የሚገባው ደግሞ ጎለም ያን ቀን ሳይገደል በመቅረቱ ነው፤ ጀግናው ራሱ በመጨረሻው ሰዓት ተሸንፎ ነበር። እንግዲህ የጠቅላላው ታሪክ መንፈሳዊ ምሰሶ በሁለተኛ እጅ የገባ አንድ ገጽ ነው ማለት ነው። ቶልኪን በ1953 ለአንድ ካህን ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ «የቀለበቶቹ ጌታ» በመሠረቱ ሃይማኖታዊ ሥራ መሆኑን ገልጾ፣ መጀመሪያ ሳያውቀው፣ ሲያርመው ግን እያወቀ እንደዚያ እንዳደረገው ነግሮታል። ይህን ለወጣቱ ስነግረው ደብተሩን ዘግቶ ብዙ ጊዜ ዝም አለ።

እኛ ለዚህ እንግሊዝ አገር ድረስ መሄድ ላያስፈልገን ይችል ነበር። በላዔ ሰብእን እየሰማን ያደግን ነን። 78 ነፍስ የበላው ሰው በመንገድ ላይ በቁስል የተመታ፣ ውሃ የጠማው ድኻ ያገኛል። ድኻው ቢለምነው እምቢ ይላል፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ በአንድ ወገን ያ ሁሉ ሰው፣ በሌላው ወገን ያች ጥርኝ ውሃ ናት፤ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍባት ውሃዋ ትመዝናለች። የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ይህ ታሪክ የማይነገርበት ደብር ያለ አይመስለኝም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሠዓሊዎቹ ሚዛኑን ያሳያሉ፤ ድኻውንና ውሃ የሚያጠጣውንም እጅ ያሳያሉ። ዘንዶ የለ፣ ሰይፍ የለ። ታሪኩን ለዘመናት ያቆየው ሰው በዚያ እጅ ውስጥ የራሱን እጅ ስለሚያይ ነው። ለወጣቱ ያቀረብኩለት ጥያቄ ይኸው ነበር፦ በሦስቱ ቅጾችህ ውስጥ ጥርኟ ውሃ የት አለች?

አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለ ጉዊን ሌላ መንገድ ሄዳለች። ኧርዝሲ በሚባል የደሴቶች ዓለም ላይ የጻፈቻቸው ሦስት መጻሕፍት በ1968፣ በ1971ና በ1972 ወጡ። ጀግናዋ ጌድ ቆዳው እንደ መዳብ የቀላ ጠቋር ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ይህ ራሱ ድፍረት ነበር። በሦስተኛው ቅጽ ሙታን የሚኖሩት ከዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ ማዶ፣ ደረቅና ጨለማ በሆነ ምድር ነው፤ የተዋደዱት እንኳ እዚያ ሲተላለፉ አይተዋወቁም። ለ ጉዊን ዕድሜዋ እየገፋ ሲሄድ በዚህ አልረካችም። በ1990 «ተሀኑ»ን ጽፋ ያን የአስማተኞች ዓለም ከአንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ ሴትና ከአንዲት በእሳት ከተጎዳች ሕፃን ጎን ሆና አየችው። በ2001 ባወጣችው የመጨረሻው ቅጽ ደግሞ ያ ግንብ ፈረሰ፣ ሙታኑ ነጻ ወጡ። ከድሮዎቹ መጻሕፍት ግን አንዱንም አልሰረዘችም። አንባቢ የመጀመሪያውን እምነቷን በአንዱ ቅጽ፣ የኋለኛውን በሌላው ያነብባል። ከሁለቱ የትኛው መንገድ ይሻላል ብባል እኔ ወደ ለ ጉዊን አደላለሁ፤ ሰው ሲለወጥ ያለፈውን ማንነቱን ሳይደብቅ ቢያሳይ ደስ ይለኛል።

እንደገና መጻፍ የፈጠራ ድህነት ነው ለሚሉ ግን የራሳችንን ቤተ መጻሕፍት ላስታውስ። አባ እንባቆም የመን ተወልዶ፣ አገራችን መጥቶ ክርስትናን የተቀበለ፣ ኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆነ ሊቅ ነው። «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው እ.ኤ.አ. በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው። አባቱ መከራና ሞትን እንዳያይ በእልፍኝ የዘጋበት የንጉሥ ልጅ ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፣ ሞት መኖሩንም ይረዳል፤ ዙፋኑንም ትቶ ይመንናል። የዚህ ታሪክ ሥሩ የህንዱ የቡድሃ ሕይወት ነው። በእስላሞች እጅ በዐረብኛ ተጽፏል፤ በጆርጂያ መነኮሳት እጅ ክርስቲያን ሆኗል፤ በግሪክኛ ሰፍቷል፤ ደብረ ሊባኖስ ሲደርስ የእኛ ገድል መስሏል። በየደረሰበት ሁሉ የጻፈው ሰው የራሱን እምነት አፍስሶበታል። የልዑሉን መውጣት ግን አንድም እጅ አልነካውም። እንደገና የሚጽፍ ሰው ምን መለወጥ፣ ምን መተው እንዳለበት ከዚህ የተሻለ መምህር አላውቅም።

የሎሎጎው ሽማግሌም የዝናቡን አለቃ ታሪክ በነገረ ቁጥር ይለውጠዋል አሉ፤ አንድ ጊዜ አለቃው ይሸሻል፣ ሌላ ጊዜ ራሱ ወጥቶ ሕዝቡ ፊት ይቆማል። በቃል የሚኖር ታሪክ ይህ መብት አለው። ከዚህ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ረጃፍ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 በተደረገ የቋንቋ ጉባኤ ባሪን፣ ዲንካን፣ ኑዌርንና ሺሉክን የመሳሰሉ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል እንዲጻፉ መንገድ ተጠረገ። ታሪኩ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን እንደ ቃሉ አይላወስም፤ የሚያላውሰው ደራሲ ይፈልጋል። በጁባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ታባን ሎ ሊዮንግ ገና በ1970 የሉዎ ሕዝቦችን አፈ ታሪክ ወስዶ በራሱ ድምፅ እንደገና ጽፎ አሳትሟል። እንዲህ ያለ ሰው ባስተማረበት ከተማ ልጁ ብቻውን አይደለም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ቶልኪን በ1960 «ሆቢት»ን በሙሉ በታላቁ ሥራው ክብደትና ቃና ሊጽፈው ጀምሮ ነበር። ጥቂት ምዕራፍ ሄዶ ለአንድ ወዳጁ አስነበበው፤ ጥሩ ነው፣ «ሆቢት» ግን አይደለም የሚል መልስ ሲያገኝ ተወው። ወጣቱም የሙታንን ድምፅ ከሚሰማው ልጅ ሳቁን እንዳይነጥቅብኝ እሰጋለሁ። ያ ልጅ በመጀመሪያው ቅጽ ገዳሙን ሲያገኝ ከደስታው ብዛት ጫማውን ጥሎ ይሮጣል። በአዲሱ ረቂቅ ቆሞ ያስባል። ጫማውን እንዲመልስለት ነግሬዋለሁ፤ መለሰለት።

የዝናቡን ምዕራፍም ጽፎታል። ባሕታዊው አሁን በመቋሚያው ዐለቱን አይመታም። ለሦስት ቀን ከሕዝቡ ጋር በፀሐይ ይቀመጣል፤ የድርሻውን ውሃ ለሌላ ይሰጣል፤ ዝናቡ ሲመጣ ዓይኑ ጠፍቷል፤ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ነው። ማን እንደከፈለ የሚያውቅ አንድ ሕፃን ብቻ ነው፣ ያም ሕፃን የሦስተኛው ቅጽ ጀግና ይሆናል። ያነበብኩት በእጅ ጽሑፍ ነው፤ ከድሮው ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ አንድም ቃል አላስቀንሰውም።

አሁን የቀረን ክርክር የድሮዎቹ ደብተሮች ጉዳይ ነው። እሱ ማቃጠል ይፈልጋል፤ እኔ አይሆንም እላለሁ። ቶልኪን እንኳ የ1937ቱን ምዕራፍ ሲተካ የቀድሞውን ቢልቦ ለወዳጆቹ የነገረው ያልጠራ ታሪክ አድርጎ በአዲሱ ዓለም ውስጥ ቦታ ሰጥቶታል። ሁለቱን አስተያይቶ ማንበብ የሚችል ሰው ደራሲው ምን እንደተማረ ያያል፤ ለሚቀጥለው ወጣት ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ቤት የለም።

ስለዚህ ለደራሲዎቻችንና ለአሳታሚዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። የቀድሞ ሥራችሁን እንደገና ስትጽፉ በሽፋን ለውጥ ብቻ አታሳልፉት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንደገና የተጻፈ መሆኑን፣ የመጀመሪያው መቼ እንደወጣና ምን እንደተለወጠ በግልጽ ንገሩን። የድሮውንም እትም በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር፣ አስቀምጡልን።