ዓሣ ጎህ ሲቀድ አፉን ሲከፍት

ዛሬ የማወራችሁ የራሴን ስህተት ነው።

አምና ነሐሴ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። የቆሮሶ ኩሬ ያላቸው አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ከውኃው ላይ ወጥተዋል፤ የሞተም አለ። በሽታ ገባብኝ» አሉኝ። እኔም ከአልጋዬ ሳልነሳ «እማማ፣ ጨው ይጨምሩበት» አልኳቸው። አምስት ኪሎ ገዝተው በተኑ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ደውለው መረቁኝ፤ የሞቱት 11 ብቻ ናቸው፣ የቀሩት ወደ ታች ተመልሰዋል።

በማግስቱ ንጋት ላይ ከ60 በላይ ሞቱ። ጫጩቶቹ ሲገቡ 300 ነበሩ፤ ለሁዳዴ ሊሸጧቸው ነበር ያሰቡት።

ያኔ ሄድኩ። ውኃው ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ሆኗል። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ መዳፌን ብፈልገው አጣሁት። የሞቱትን አገላብጬ አየሁ፤ ቁስል የለ፣ ነጭ ነጥብ የለ፣ የበዙት ደግሞ ትልልቆቹ ናቸው። አየር አጥሯቸው ነው እንጂ በሽታስ አልነበረም። ውኃውን የሚያረነጉደው አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ሰማዩ ለቀናት ከደመነ ቀን የተጠራቀመው እስከ ንጋት አይዘልቅም። የመጀመሪያ ቀን ያዳነቻቸው ፀሐይዋ ናት፤ ምርቃቱን ጨው ወሰደው። ደግሞስ 150 ካሬ ኩሬ በአንድ ሜትር ጥልቀት 150 ሺህ ሊትር ይይዛል፤ በሊትር አንድ ግራም ለማድረስ እንኳ 150 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል። አምስት ኪሎ የት ይደርሳል?

አልጌውን ያፋፋው ፍግ ነው። «በየሳምንቱ ይጨምሩ» ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

የውኃ አባቱን ለምነን የሌሊት ተራ አገኘን። የምንጩን ውኃ በቱቦ ከፍ አድርገን እየፏፏተ እንዲወድቅ አደረግን፤ ልጆቹ በባልዲ እየቀዱ መልሰው ይደፉ ነበር። ፍግም መኖም አቆምን። ንጋት ላይ የሞቱት አራት ናቸው።

እናንተም ዓሣ ሁሉ አንድ ላይ ጎህ ሲቀድ ካንጋጠጠ አስቀድማችሁ ውኃውን እዩ። እውነተኛ በሽታ ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ፣ አንድ ሁለት እያለ ነው የሚገድል፤ ገላውም ላይ ምልክት ይተዋል። መረብ ወይ ደረቅ እጅ የላጠው ዓሣ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ከበቀለ ሻጋታ ነው። ጨው የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ግን በባልዲ። ለ10 ሊትር የኩሬ ውኃ 100 ግራም ጨው ሱቅ አስመዝናችሁ በደንብ አሟሙ፣ ዓሣውን ከ10 ደቂቃ ሳታስበልጡ ንከሩ፤ ቀድሞ በጎኑ ከተጋደመ ቶሎ አውጡት። ደም የቋጠረ ቁስል ወይም ያበጠ ሆድ ስታዩ ግን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። የሰው ካፕሱል ፈልቅቆ ኩሬ ውስጥ የሚበትን ሰው አጋጥሞኛል፤ እባካችሁ ተዉት። ከጎረቤት የተዋሳችሁትን መረብም ፀሐይ ላይ ሳታደርቁ አታስገቡ።

እማማ አሁን ፍግ ከመጨመራቸው በፊት ክንዳቸውን ይነክራሉ፤ መዳፋቸው ካልታየ ይተዉታል። ያቺን ጨው ግን ዛሬም ከኩሬው ዳር በፌስታል ቋጥረው አስቀምጠዋታል። «ለምንድን ነው?» ብላቸው፣ «ትኑር ልጄ፣ ምን ታደርግሃለች» አሉኝ።