በረዶው የቀረ ዕለት

ወጣት የእንስሳት ሐኪሞች «ጋሼ፣ የከብት ደስታ በሽታን በዓይንዎ አይተውታል?» ብለው ሲጠይቁኝ ጮቤ ያስረግጠኛል። አላዩትማ! ዓይኑ እያነባ፣ አፉ ቆስሎ፣ ተቅማጥ አድክሞት የሚወድቅ በሬ ለእነርሱ የመጽሐፍ ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በዘለቀው ክፉ ቀን የአራሹን በሬ ከቀንበሩ ነጥቆ ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገው ያ በሽታ!

ይህን በሽታ ለመከላከል ከብት ልንከትብ አፋር ስንወርድ ከክትባቱ ይልቅ የሚያሳስበን በረዶው ነበር። ቅዝቃዜው ካለቀ ክትባቱ ይበላሻል፤ በዚያ ሐሩር ደግሞ በረዶ ምን ያህል ይበረክታል? መኪናው መንገዱ ባለቀበት ይቆማል፤ ከብቱ ግን ሣር ፍለጋ ከዚያም ወዲያ ርቋል።

ከዚያ ሙቀት የሚችለው ክትባት መጣ! ያለ ማቀዝቀዣ ሳምንታት ይቆያል። የበረዶው ሣጥን ቀረ፤ በእግርም በግመልም መድረስ ተቻለ። ኧረ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ከሁሉ የሚልቀው ግን መርፌው ወደ አርብቶ አደሮቹ እጅ መግባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሠልጥነው የተሰማሩ ጥቂት አፋሮች ከ70,000 በላይ ከብት ከተቡ። ከመንግሥት ከታቢዎች የተሻለ ነው የሠሩት። ለምን አይሠሩ? የማን መንጋ የት ውኃ እንደሚወርድ ያውቃሉ፤ የሚከትቡትም የአጎታቸውን፣ የአማታቸውን ላሞች ነው። ወሬውን ደግሞ ዳጉ ያደርሰዋል፤ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ያዩትን የሰሙትን ሳይለዋወጡ አይለያዩም። ገና ሳንደርስ ከብቱ ተሰብስቦ ይጠብቀን ነበር!

እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ በአፋር ወረርሽኙ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያ፣ በ2011 ዓለም በሙሉ ነጻ ተባለ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እኮ ነው!

ዛሬ ወጣቶቹ ሐኪሞች በተራቸው በጎችንና ፍየሎችን የሚፈጀውን ደስታ መሰል በሽታ ተያይዘውታል፤ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል። ስልክ አላቸው፤ ኔትወርክ ባለበት የታመመች ፍየል ፎቶ ከበረሃ ይደርሳቸዋል። ጉልበቱ ቢኖረኝ አብሬያቸው በወረድኩ! ሲነሡ ግን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፦ መጀመሪያ ሴቶቹን ጠይቁ፤ ፍየሏ መታመሟን ቀድማ የምታውቀው የምታልባት ናት።