ከኀዘንተኛ አጠገብ መቀመጥ

ያዘነውን ማጽናናት ከክርስቲያን ምግባር አንዱ ነው፤ ነገር ግን አጽናኙ አስቀድሞ የኀዘንተኛውን ልብ ሊመለከት ይገባዋል።

አንዲት ተሳላሚ ስዕለቷን ልታደርስ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣች በአራተኛው ቀን የወንድሟ መርዶ ደረሳት። በአገር ቤት ቢሆን ዘመድ ጎረቤቱ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ከግራና ከቀኝ ደግፎ ባረዳት ነበር። በባዕድ አገር ግን መርዶው በስልክ መጣ፤ እርሷም በማረፊያ ቤቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እንባ እንኳ ሳይወጣት ደርቃ ቀረች። «እኔ አጠገቡ ብኖር ኖሮ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም።

ከተሳላሚዎቹ መካከል አንድ መምህር ሊያጽናኗት ገቡ። ስለ ትንሣኤ ሙታንና ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ በሰፊው ተናገሩ፤ በተቀደሰ ስፍራ አብዝቶ ማዘን እንደማይገባም ገሠጿት። ስለ ትንሣኤ የተናገሩት እውነት ነበር፤ ሴቲቱ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። መምህሩ ከወጡ በኋላ አንዲት እማሆይ መጥተው ከአጠገቧ ዝም ብለው ተቀመጡ። ብዙ ቆይተውም፣ «ልጄ፣ የወንድምሽ ስም ማን ነበር?» አሏት። ያን ጊዜ እንባዋ ወረደ፤ እስኪመሽም ድረስ ስለ እርሱ አወራች።

በማግሥቱ ተሳላሚዎቹ ከደብረ ዘይት በስተምሥራቅ ወዳለችው ወደ ቢታንያ ሄዱ። መምህሩ በድንጋዩ ደረጃ ወደ አልዓዛር መቃብር ሲወርዱ፣ ብዙ ጊዜ ያስተማሩትን የዮሐንስ ወንጌል 11ኛ ምዕራፍ አሰቡ። ማርታና ማርያም ለጌታ ያቀረቡት ሮሮ አንድ ነበር፤ እርሱ በዚያ ቢኖር ወንድማቸው እንደማይሞት ነገሩት። ለማርታ የትንሣኤን ተስፋ ነገራት፤ ማርያም ከእግሩ ሥር ወድቃ ስታለቅስ ባየ ጊዜ ግን፣ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። የኢዮብም ወዳጆች የተነቀፉት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር ዝም ብለው በመቀመጣቸው አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በተናገሩት ነው እንጂ። መምህሩም ለማርያም የማርታን መልስ እንደ ሰጡ ተረዱ።

ማታ ተመልሰው፣ «ልጄ፣ ትናንት ቸኩዬ በደልሁሽ፤ ይቅር በይኝ» አሏትና ከእማሆይ አጠገብ ተቀመጡ። በሠልስቱም ቀን ጸሎት እንዲደረግ የሟቹን ስም ለካህኑ የሰጡት እርሳቸው ነበሩ። ከጸሎቱ በኋላ ሴቲቱ ራሷ ስለ ትንሣኤ ጠየቀቻቸው፤ ያን ጊዜ ነገሯት፤ እርሷም ሰማች።