በጓሳ ጣራ ሥር ሦስት ሌሊት

መንዝ ብርድ አገር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም አውቀን ነው የሄድነው። ግን ማወቅ ሌላ፣ በሌሊቱ ማደር ሌላ ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ወሩ መጋቢት ነበር። ሦስት ሆነን ከደብረ ብርሃን ተነሣን። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲኬድ ጣርማበር ይደረሳል። ጣርማበር ላይ መኪና የሚያልፍበት ዋሻ አለ። ዋሻውን ያስቆፈሩት ጣሊያኖች ናቸው። አገራችንን ወርረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ የሠሩት ነው። የወሎ መንገደኛ በዋሻው ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። የመንዝ መንገደኛ ግን ዋሻው ሳይደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። መዘዞንና ሞላሌን አልፎ መሃል ሜዳ ይገባል። እኛም በዚሁ መንገድ ሄድን። አቧራው ፀጉራችንን አሸበተው።

ያሰብነው ጓሳን ለማየት ነበር። ጓሳ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የሣር ስም ነው። ረጅም፣ ቀጭንና ጠንካራ ሣር ነው። ሁለተኛ ሣሩ የሚበቅልበት አገር ስም ነው። ቦታው ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በምዕራብ በኩል የሚፈሰው ውሃ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል ምድሩ ድንገት ይቆረጥና ገደል ይሆናል። በዚያ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ያመራል።

ከመሃል ሜዳ ያሳፈረን የጭነት መኪና ብዙ ሳይሄድ ጎማው ተነፈሰ። መለዋወጫ ጎማ አልነበረውም። ሾፌሩ፣ «እናንተ በእግር ቀጥሉ፣ መንደሩ ቅርብ ነው» አለን። የሾፌር ቅርብ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ፀሐይዋ ጠለቀች። ነፋሱ ጀመረ። ጭስ ወደሚታይበት ቤት ሄደን ደጅ ላይ ቆምን።

«ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን» አልን።

ውሻው ጮኸ። አንዲት እናት ብቅ አሉ። ከየት መጣችሁ፣ ማን ናችሁ አላሉንም። «ኧረ ግቡ! ብርዱ ሳይገድላችሁ ግቡ» አሉ። ውሻውን የያዘው የ12 ዓመት ልጃቸው ነው።

ቤቱ ክብ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ጓሳ ነው። በአንድ ወገን በጎችና አንዲት ላም ታስረዋል። የከብቶቹ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋል። በመካከል ኩበት ይነዳል። እሳቱ አጠገብ አንድ ሽማግሌ በርኖስ ለብሰው ተቀምጠዋል። የባለቤታቸው አባት ናቸው። ባለቤታቸው ለሥራ ራቅ ወዳለ አገር ሄደው ነበር።

ወዲያው እግራችንን ልጁ አጠበን። የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ ቀረበ። ወሩ የዐቢይ ጾም ስለነበር ወተትና ቅቤ የለም። «ጾሙ ያዘንና አዋረደን፣ እንግዳ በባዶ ሽሮ!» እያሉ እናትዮዋ ተጨነቁ። እኛ ግን እንደዚያ ሽሮ የጣመን ነገር አልነበረም። «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» እያሉ ሦስት ጊዜ አጎረሱን። ሦስተኛዋን ጉርሻ የዋጥናት በግድ ነው።

መኝታችን መደብ ላይ ሆነ። ከታች የበግ አጎዛ ተነጠፈ። ከላይ ባና ደረቡልን። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው። መንዝ በበጉና በጠጉሩ ሥራ የታወቀ አገር ነው። የኛን ባና ጠጉሩን የፈተሉት እናትዮዋ፣ የሸመኑት ባለቤታቸው እንደሆኑ ነገሩን። ከባድ ነው። ሲደርቡት በግ ራሱ የተኛብን መሰለን። ሆኖም ሌሊቱን ያለፍነው በእርሱ ነው። ጠዋት ስንወጣ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ልጁ መንገድ መርቶ ወደ ጓሳ ወሰደን። እግር ሲረግጠው ሣሩ ይንኮሻኮሻል። ጅብራው እንደ ምሰሶ ቆሟል። ጦስኙ ይሸታል። ከገደሉ ጫፍ ስንደርስ ልጁ «ዝም በሉ» አለን። ጭላዳዎች ከገደሉ እየወጡ ነበር። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር አይገኝም። ሌሊቱን ጠላት በማይደርስበት ገደል ላይ ያድራል። ጠዋት ወጥቶ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ወንዱ ጎፈሬ አለው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ልጁ ግን ውበቱን አላደነቀልንም። «ገብሳችንን ይበሉብናል። ሲደርስ ስንጠብቅ እንውላለን» አለ። ልክ ነው። ጎብኚ ሲያይ ደስ የሚለው አውሬ፣ ለገበሬው የማሳ ጠላት ነው።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ቀይ ቀበሮ መጣ። ጭላዳዎቹ ይሸሻሉ ብለን ጠበቅን። አልሸሹም። ቀበሮውም በመካከላቸው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ግልገሎቻቸውን አይነካም። የሚፈልገው አይጥ ነው። ይህን ነገር ተመራማሪዎች እዚሁ ጓሳ ላይ ቆጥረውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። በመላው አገራችን የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም።

ይህን ሁሉ አይተን ደስ ብሎን ተመለስን። ሌሊቱን ግን ሌላ ነገር አየን።

እኩለ ሌሊት ላይ ዝናብ ጀመረ። የበልግ ዝናብ ነው። በረዶም ቀላቀለ። ከእኛ ታናሹ ድንገት ብድግ አለ። ውሃ ግንባሩ ላይ ጠብ ብሎበት ነው። ከዚያ ሌላ ጠብታ፣ ከዚያ ሌላ። ጣራው ያፈሳል። እናትዮዋ ኩራዝ አብርተው መጡ። «ተነሡ ልጆቼ፣ ወደዚህ ኑ» ብለው በራሳቸው መኝታ ላይ አስተኙን። የእርሳቸው ቦታ ደረቅ ነበር። እርሳቸውና ልጃቸው ወደ እኛ መደብ ሄዱ። «አይሆንም» ብንል ማን ሰምቶን! ከጠብታው ሥር ገንቦ አስቀምጠው ጥግ ላይ ተጠቅልለው ተኙ። ሌሊቱን ሙሉ ጠብታው ገንቦ ውስጥ ሲንጠባጠብ እንሰማ ነበር። እንቅልፍ አልወሰደንም።

ጠዋት አንዳችን አፉ አላረፈም። «እማማ፣ ጓሳው እኮ ደጃችሁ ነው። ሁለት ሦስት ሸክም አጭዳችሁ ጣራውን ብትደፍኑት ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ቤቱ ዝም አለ። እናትዮዋ እሳቱን ቆሰቆሱ። መልስ የሰጡን ሽማግሌው ናቸው።

«ገና አልተከፈተማ!» አሉ። «እኔ ሦስት ሸክም ባጭድ ጎረቤቴም ሦስት ሸክም ያጭዳል። ጣራው የሚያፈስ ስንት ቤት አለ መሰላችሁ? ሁሉም በየቀኑ ቢያጭድ ሣሩ መቼ ያድጋል? አጭር ጓሳ ጣራ አይሆንም። ገመድም አይሆንም።»

ከዚያ የድሮውን ነገር አጫወቱን። ጓሳን ከጥንት ጀምሮ የጠበቁት የአስቦና የጌራ ልጆች ናቸው አሉን። አስቦና ጌራ አገሩን ያቀኑ አባቶች ናቸው ይባላል። ርስቱ አጽመ ርስት ይባል ነበር። ከእነዚህ አባቶች የተወለደ ሁሉ ድርሻ ነበረው። የጥበቃው ሥርዓት ደግሞ ቄሮ ይባል ነበር። ሁለቱ ወገኖች አለቃ ይመርጣሉ። ጓሳ አንዴ ከተዘጋ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። ሣሩ ሲደርስ ወይም ከባድ ድርቅ ሲመጣ አለቆቹ ቀን ይቆርጣሉ። ቀኑ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። የሚከፈተው በበጋ ነው። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ ሁሉም ይወጣል። የመጨረሻው ቀን ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው።

«ተሰርቆ ቢታጨድስ?» አልን።

«ኧረ! ይገረፋል። ነገሩ ከከፋ ቤቱ ይቃጠልበት ነበር» አሉ። ቅጣቱ ከባድ ነው። እኛ ደግ ነው አንልም። ሽማግሌውም ደግ ነበር አላሉንም፣ እንደነበረ ብቻ ነገሩን።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። ርስት የሌለው ጭሰኛ መሬት አገኘ። በዚያው ግን አጽመ ርስቱም ቄሮውም ቀረ። ሽማግሌው ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። «ማን ይከልክል? ያጨደ አጨደ፣ ያሰማራ አሰማራ። ሣሩ መሬት ላይ ተለጠፈ» አሉን። ኋላ ገበሬዎቹ ራሳቸው ተመካከሩ። ኮሚቴ መረጡ፣ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። ከመንደሩ ልጆች መካከል ጠባቂ ቆመ። የክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በሕግ አወቀው።

እስከዚህ ድረስ እናትዮዋ ዝም ብለው ነበር። አሁን ተናገሩ።

«ጥበቃውስ ጥሩ ነው። ግን ዘበኛው እኔ ጣራ ሥር አያድር!»

ሁላችንም ሳቅን። እርሳቸው ግን እምብዛም አልሳቁም። ልጃቸው ቆርቆሮ እንግዛ እያለ ይነዘንዛቸዋል። መንደሩ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት እየበዛ ነው። ቆርቆሮ አያፈስም፣ ቀን አይጠበቅለትም። ነገር ግን ብርድ አይመልስም። በረዶ ሲዘንብበት ሰው ከሰው አይሰማማም። ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ በግ መሸጥ ይጠይቃል። ሽማግሌው ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስባቸዋል። «ሁሉም ቤት ቆርቆሮ ከሆነ ሣሩን ማን ይፈልገዋል? ያልተፈለገውን ማን ይጠብቀዋል?» አሉ። ልጁ በዚህ አልተስማማም። «አያቴ፣ በጓሳ ጣራ ሥር የሚያድሩት ራስዎ ነዎት፣ ጠብታው ግን እናቴ ላይ ነው» አለ። ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። እኛም ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አልደፈርንም። የሌሊቱ ጠብታ በጆሯችን ነበር።

በዚያ ቤት ሦስት ሌሊት አደርን። በሦስተኛው ሌሊት አልዘነበም። ይሁንና በእናትዮዋ መኝታ ላይ መልሰን እንድንተኛ ያደረጉት በግድ ነው።

ልንሄድ ስንል ገንዘብ አወጣን። እናትዮዋ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «እንግዳ ይከፍላል እንዴ? ቤቴን አላከራየኋችሁም» አሉ። በጓሳ ለጎብኚ የተሠራ የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤት አለ፣ እዚያ የሚያድር ይከፍላል። «እዚያስ ወግ ነው። እናንተ ግን መሽቶባችሁ መጣችሁ» አሉን። ብዙ ለመንን፣ እንቢ አሉ። በመጨረሻ የለበስነውን ባና እንዲሸጡልን ጠየቅን። ይኼኔ ፊታቸው ፈታ አለ። «እርሱማ ሥራዬ ነው፣ ይሸጣል» አሉ። ዋጋ ነገሩን። ለመከራከር አፍረን የጠሩትን ከፈልን። እርሳቸውም ሳያፍሩ ቆጥረው ተቀበሉ።

ከእኛ ታናሹ ግን አላስቻለውም። ሳያዩት ጥቂት ብር አጎዛው ሥር ደብቆ ወጣ። መንገድ ከጀመርን በኋላ ከኋላችን ሩጫ ሰማን። ልጁ ነው። ትንፋሹ ተቆራርጧል። በአንድ እጁ ያንን ብር ይዟል፣ አንዲት ብር አልጎደለም። በሌላው እጁ በጨርቅ የታሰረ የገብስ ቆሎ ይዟል። «እናቴ ረስታችሁ ነው ብላለች። ቆሎው ለመንገድ ነው» አለን። ብሩን ተቀበልን። ምን እናድርግ? ስልክ ቁጥራችንን ሰጥተነው ተለያየን።

ወር ያህል ቆይቶ ልጁ ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ነፋሱም ይሰማል። ጓሳ ተከፍቷል አለን። አባቱም ከሄዱበት ተመልሰዋል። አራት ቀን አጭደው በአህያ አምጥተዋል። የመኝታው በኩል በአዲስ ጓሳ ተከድኗል።

«የከብቶቹስ በኩል?» አልነው።

«እርሱ አልደረሰም። በጉ ሲሸጥ ቆርቆሮ ይገዛል» አለ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።