ዝምታ ከሩቅ ሲታይ

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከአንድ መጋቢ የምትጠብቁት ዓይነት ላይሆን ይችላል። በጉባኤያችን የማስተርስና የፒኤችዲ ትምህርት የሚከታተሉ የሳይንስ ተማሪዎች አሉ። ቀደም ባሉት ዓመታት እነዚህ ልጆች ለጸሎት ወደ ቢሮዬ ሲመጡ ርእሱ በአብዛኛው ቪዛ ነበር። አሁን አሁን ግን «ፓስተር፣ ለሦስት ወር ሪሞት ኢንተርንሺፕ አመልክቻለሁ፤ ይጸልዩልኝ» የሚሉኝ በዝተዋል። ስለምን እንደምጸልይ ማወቅ ስላለብኝ እየጠየቅሁ፣ እየሰማሁ፣ አንዳንዴም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሲሠሩ እያየሁ ቆየሁ። ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልግለጽ። ሪሞት ኢንተርንሺፕ ማለት ተማሪው ካለበት ሳይንቀሳቀስ፣ በሌላ አገር ካለ የምርምር ቡድን ወይም ድርጅት ጋር ለተወሰነ ጊዜ በኢንተርኔት እየሠራ ልምድ የሚቀስምበት መንገድ ነው። ጉግል «ሰመር ኦፍ ኮድ» የተባለውን ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። መጀመሪያ ለተማሪዎች ብቻ ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ተማሪ ያልሆኑ ጀማሪዎችም ይገቡበታል። ሥራው እንደ ስፋቱ 90፣ 175 ወይም 350 ሰዓት ይወስዳል። «አውትሪቺ» የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሴቶች ተብሎ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ የሦስት ወር ልምምድ ያዘጋጃል፤ አንደኛው ከግንቦት እስከ ነሐሴ፣ ሁለተኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ። ክፍያውም በቅርብ ዓመታት 7,000 የአሜሪካ ዶላር ሆኗል። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆናችሁ ግን ለልምምዱ በቂ ጊዜ እንዳላችሁ ማሳየት አለባችሁ። ሁለቱም በነጻ የሚሰራጩ ሶፍትዌሮች ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል ለሥነ ሕይወት፣ ለኬሚስትሪና ለሥነ ፈለክ ምርምር የሚያገለግሉ ብዙ አሉ።

«ሳይንስ ከቤት ሆኖ እንዴት ይሠራል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ናሙና መቅዳት፣ ባክቴሪያ ማሳደግ፣ ኬሚካል መቀላቀል ሶፋ ላይ ተቀምጦ አይሆንም። በዚህ በኩል ኢንተርኔት ላቦራቶሪን አይተካም፤ ይተካል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ነገር ግን ከዛሬው ሳይንስ ትልቁ ክፍል ናሙናው ከተለካ በኋላ የሚሠራ የመረጃ ሥራ ነው። የዘረመል ቅደም ተከተሎች በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ባሉ ሦስት ማእከላት ተከማችተው፣ ማእከላቱም በየቀኑ እየተለዋወጧቸው፣ ለማንም ክፍት ናቸው። የፕሮቲን ቅርጾች ማከማቻ ከ1971 ጀምሮ አለ። በ2022 ደግሞ አልፋፎልድ የተባለው ሥርዓት የተነበያቸው ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲን ቅርጾች ለሕዝብ ተለቀቁ። አራት ኪሎ ያለች ተማሪ ውድ መሣሪያ ባይኖራት እንኳ፣ ካምብሪጅ ያለው ተመራማሪ የሚያየውን ያንኑ መረጃ በላፕቶፕዋ መክፈት ትችላለች። እኛ በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን አንዱን የግሪክ መዝገበ ቃላት ለማየት ተራ እንጠብቅ ነበር። እነዚህ ልጆች የተሰጣቸውን በር ሳይ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

በሩ ተከፍቶ ሳለ ግን ገብተው የሚመለሱ አሉ። ብዙ ሰው ምክንያቱ የዕውቀት ማነስ ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው።

አንዲት የባዮቴክኖሎጂ የማስተርስ ተማሪ እንዲህ ያለ ልምምድ አግኝታ ጀመረች። የተሰጣት ሥራ የዘረመል መረጃ የሚያነብ አንድ ፕሮግራም በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ ሙከራዎችን መጻፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ፕሮግራሙ ኮምፒውተሯ ላይ አልነሣ አላት። ከአምልኮ በኋላ አንድ እሑድ ወደ እኔ መጥታ ልምምዱን ልታቋርጥ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ለሜንተርሽ ነግረሻታል?» አልኳት።

«ምን ብዬ ፓስተር? ገና በሁለተኛው ሳምንት? መጀመሪያ ራሴ ልፍታውና ነው።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ሁለት ጊዜ ጽፋልኛለች። አፍሬ አልመለስኩላትም። ዘጠኝ ቀን ሆነኝ።»

ወገኖቼ፣ ይህችን ልጅ የያዛት ይሉኝታ ነው። ስንፍና እንዳልሆነ ዓይኗ ይናገራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትታገል ነው ያደረችው። በእኛ አስተዳደግ ያላለቀ ነገር ለእንግዳ አይቀርብም። ወጥ ሳይበስል ማን ይቀርባል? በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው። በየዩኒቨርሲቲውም ቢሆን አማካሪውን ደጋግሞ የሚጠይቅ ተማሪ እንደ ደፋር ወይም እንደ ደካማ ሊታይ ይችላል። ይህ ባህል የራሱ ውበት አለው፤ ልንቀው አልፈልግም። የሚሠራው ግን ፊት ለፊት ስንሆን ነው። ልጅቷ አንገቷን ስታቀረቅር እናቷ ታያለች፤ መምህሯ ያያል፤ «ምን ሆነሽ ነው?» ይላታል። የእኛ ዝምታ ፊት አለው፤ ፊቱም ይነበባል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ላለች ሜንተር ግን ዝምታ ፊት የለውም። እሷ የምታየው መልስ ያላገኙ ሁለት መልእክቶችን ብቻ ነው። ልጅቷ «አክብሬያት ነው» ስትል፣ ሴትዮዋ ደግሞ «ትታው ሄዳለች» ብላ ታስብ ይሆናል።

ጊዜውንም አስቡት። ሦስት ወር 12 ሳምንት ገደማ ነው። ዘጠኝ ቀን ዝም ማለት ከልምምዱ አንድ አሥረኛውን መጣል ነው። የሁለት ዓመት ማስተርስ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ማንም አያስተውለውም፤ እዚህ ግን በአጋማሽ ላይ ግምገማ አለ፤ ሥራው ካልታየ ልምምዱ ሊቋረጥ ይችላል። ክፍያውም፣ ወደፊት የሚጻፈው የድጋፍ ደብዳቤም አብሮ ይቀራል።

ያን ዕለት ቢሮዬ ተቀምጣ አራት ነገር ጻፈች፤ ምን እንደሞከረች፣ የት ላይ እንደቆመባት፣ ኮምፒውተሩ ያወጣውን የስሕተት መልእክት ቃል በቃል፣ ከሜንተሯ የምትፈልገውን ደግሞ በአንድ ጥያቄ። ስለ ዘጠኙ ቀን አንድ የይቅርታ ዓረፍተ ነገር ጨመረች። ገጽ ሙሉ ይቅርታ ልትጽፍ ነበር፤ አንድ ይበቃል አልኳት። ማታውኑ መልስ መጣ። ለካ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ሲታደስ በመመሪያው ላይ አንድ እርምጃ ሳይጻፍ ቀርቶ ነበር። ሜንተሯም «እንግዲያው መመሪያውን አንቺ አስተካክዪው» አለቻት። በስሟ የተመዘገበው የመጀመሪያ ሥራዋ ያ ሆነ። በእነዚህ ክፍት ፕሮጀክቶች ማን ምን እንዳስተካከለ፣ በየትኛው ቀን፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከምስክር ወረቀት ይልቅ ይህ መዝገብ የሚጠቅማት ይመስለኛል።

ሐዋርያው ጳውሎስ የቆላስይስን ምእመናን በዓይኑ አላያቸውም ነበር። ሆኖም ስለ እምነታቸውም፣ ስለሚያሰጋቸው ትምህርትም ያውቃል። እንዴት? ኤጳፍራ ሄዶ ነገረው። ኤጳፍራ «መጀመሪያ ነገሩን እኛው እናስተካክልና» ብሎ ዝም ቢል ኖሮ ያ ደብዳቤ ምን ይዞ ይጻፍ ነበር?

ከይሉኝታ ሌላ ትንንሽ የሚመስሉ ነገር ግን ሰው የሚጥሉ ጉዳዮች አሉ። አንዱ ሰዓት ነው። እኛ ቀኑን ከማለዳ የምንቆጥር ሕዝብ ነን። ሜንተሩ «በዓለም አቀፉ ሰዓት 15:00 እንገናኝ» ሲል በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለቱ ነው። «ሦስት ሰዓት» ብሎ የያዘ ልጅ ጠዋት ብቻውን ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ደግሞም አውሮፓውያን በማርች ወር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፣ አሜሪካኖች በዚያው ወር በሁለተኛው እሑድ፤ እኛ ከቦታችን አንነቃነቅም። ሜንተሩ በራሱ አገር ሰዓት ከቀጠረ ለሳምንታት የለመዳችሁት ቀጠሮ በአንድ ሌሊት ይቀየራል። በዓልም እንዲሁ ነው። እነርሱ በዲሴምበር 25 ይጠፋሉ፣ እኛ ታኅሣሥ 29። አስቀድሞ መናገር ነው።

ሌላው መብራትና ኔትወርክ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በሦስት ወር ልምምድ ላይ ለነበረ ሰው ይህ ሩቡ ጊዜ ነው። ማንም ሰው ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ ኔትወርክ ጠፋብኝ ብሎ ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ ልጆቹን በመጀመሪያው ሳምንት «እኔ ባለሁበት እንዲህ ያለ ነገር ሊያጋጥም ይችላል፤ ድንገት ብጠፋ ትቼ እንዳልሄድኩ ይታወቅልኝ» ብለው እንዲጽፉ እመክራቸዋለሁ። ማንም ፈረንጅ ይህን በራሱ አይገምትም።

እኔ ይህን ጉዳይ ቶሎ የተረዳሁት እኛ የወንጌል አገልጋዮች ከርቀት ትምህርት ጋር የቆየ ትውውቅ ስላለን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 በጓቲማላ የነበረ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ፣ ቤተሰብና እርሻ ጥለው መምጣት ለማይችሉ አገልጋዮች ትምህርቱን ወዳሉበት መላክ ጀመረ። ይህ አሠራር በኋላ በብዙ አገር ተስፋፋ። እኔም ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት በገጠር ሳገለግል በመጽሐፍ ብቻዬን እያነበብኩ፣ በየሁለት ሳምንቱ በበቅሎ ከሚመጣ አስተማሪ ጋር እየተገናኘሁ ተምሬአለሁ። ቴድ ዋርድ የተባለ የትምህርት ምሁር ይህን አሠራር በእንጨት አጥር መስሎታል። የላይኛው አግዳሚ የሚነበበው ትምህርት ነው፤ የታችኛው አግዳሚ በሥራ ላይ የሚገኘው ልምድ ነው፤ ሁለቱን ያያያዙት ቋሚዎች ደግሞ ሰዎች የሚገናኙባቸው ጊዜያት ናቸው። ቋሚው ከተነቀለ አግዳሚዎቹ መሬት ይወድቃሉ።

ስለዚህ ወጣቶች ልምምድ ሲመርጡ መጀመሪያ ስለ ክፍያው ወይም ስለ ድርጅቱ ስም ሲጠይቁኝ፣ እኔ ቋሚዎቹን እጠይቃቸዋለሁ። በሳምንት ስንት ጊዜ ነው ከሰው ጋር የምትነጋገሩት? ስሙ የታወቀ ሜንተር አላችሁ? በቪዲዮ ነው በጽሑፍ? ሥራ ሰጥቶ በሦስተኛው ወር ብቻ «ጨረስክ ወይ?» የሚል ቦታ፣ የቱንም ያህል ስሙ ቢገን፣ ለጀማሪ አይሆንም። ትምህርቱን ሳያቆም የሚሠራ ሰውም 350ውን ሰዓት ባይመኝ ይሻለዋል። በ12 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ወደ 29 ሰዓት ነው፤ 175ቱ ግን 15 ያህል ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፍም አለ፣ ቤተሰብም አለ።

ቤተሰብ ካልኩ፣ የዚያች ልጅ እናት አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁመውኝ «ፓስተር፣ ልጄን ምን ነካብኝ? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ ትውላለች። ሥራ ይሁን ጨዋታ አላውቅም» አሉኝ። ከቤት ያልወጣ ሰው ሥራ ላይ ነው ብሎ ማመን ለእኛ ትውልድ ይከብዳል። እንግዳ ሲመጣ ቡና አፍዪ ትባላለች፤ ወንድሟ ግን አይባልም። ልጅቷ እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ የሜንተሯን ፊት በቪዲዮ እስክታሳያቸው ድረስ ነገሩ አልተፈታም። ከዚያ ወዲህ በቀጠሮዋ ሰዓት ቴሌቪዥኑን የሚያጠፉት እናትየዋ ራሳቸው ናቸው።

በቤተ ክርስቲያንም ተመሳሳይ ነገር ገጠመን። የመዘምራን አስተባባሪው ወንድማችን «ልምምድ ቀርታለች» ብሎ ስሟን አመጣ። እሷም ልምምድ ላይ ነኝ ትላለች፤ ቃሉ አንድ ሆኖ አስቸገረን። ሽማግሌዎች ተነጋገርንና ለሦስት ወር ከዝማሬ አገልግሎት አሳረፍናት፤ የምትመለስበትንም ቀን ጻፍን። አንዳንዶች ቅር አላቸው። እኔ ግን ልጅቷ ለሁለቱም ግማሽ ሆና በሁለቱም ከምታፍር፣ ይህን ያህል ጊዜ ሙሉ ልቧን ለተቀበለችው ሥራ ብትሰጥ ይሻላል ባይ ነኝ። አደራ ማለት የአምልኮ መድረክ ብቻ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። «የምዝገባ ክፈሉ፣ ሪሞት ኢንተርንሺፕ እናስገባችኋለን» የሚሉ በቴሌግራም እየበዙ ነው። ከላይ ከጠቀስኳቸው ፕሮግራሞች አንዳቸውም ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም። ተለማማጁን ገንዘብ ከሚጠይቅ ሽሹ። ገንዘብ ለሌላቸው ወላጆች ሸክም አትጨምሩ።

አውትሪቺ ለግንቦቱ ዙር ማመልከቻ የሚቀበለው በጃንዋሪ አካባቢ፣ ለኅዳሩ ደግሞ በኦገስት ነው፤ የጉግሉ በማርች አጋማሽ አካባቢ ይከፈታል። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለያይ ከራሳቸው ከፕሮግራሞቹ አረጋግጡ። ቤት ውስጥ ጸጥታ ወይም ኔትወርክ ለሌላችሁ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የስብሰባ ክፍል ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት እንዲሆን ተስማምተናል። ምእመን መሆን ግዴታ አይደለም። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፤ ስማችሁን አይጠይቃችሁም፣ ሻይ ጠጡ ግን ሳይላችሁ አይቀርም።